«ሞስትሊ ሃርምለስ»፦ የሂችሃይከርስን አንባቢ የከፋፈለው አምስተኛው መጽሐፍ

ቤተሰብ፣ አንድ ጥያቄ። አራት መጽሐፍ ሙሉ በሳቅ ሲያፈርሳችሁ የኖረ ተከታታይ ታሪክ፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ የምትወዷቸውን ሰዎች ከነምድራቸው አጥፍቶ ቢዘጋ ምን ትላላችሁ? ትስቃላችሁ? ትናደዳላችሁ? ወይስ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ትወረውሩታላችሁ?

የእንግሊዛዊው ደራሲ የዳግላስ አዳምስ «ሞስትሊ ሃርምለስ» በ1992 ሲወጣ አንባቢዎቹን የገጠማቸው ይሄ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ክርክሩ አልበረደም። «የተከታታዩ ውርደት ነው» የሚል አለ፣ «ከሁሉም የበሰለው ይሄ ነው» የሚልም አለ። የሚገርመው ደግሞ ደራሲው ራሱ መጨረሻውን ሊቀይረው ፈልጎ ነበር። ዕድሜ አልሰጠውም እንጂ።

ዛሬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ እንየው። መጽሐፉ ምንድነው? አንባቢው ለምን ተከፋፈለ? ደራሲው ምን አለ? ከሱ ሞት በኋላስ ማን ሊጠግነው ሞከረ?

⚠️ ማሳሰቢያ፦ መጨረሻውን ሳይናገሩ ይሄን ክርክር ማስረዳት አይቻልም። ታሪኩን ራሳችሁ አንብባችሁ መድረስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄን ሴቭ አድርጉና በኋላ ተመለሱ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

📌 ሂችሃይከርስ ምንድነው?

ሙሉ ስሙ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ነው። በእኛ ቋንቋ «ጋላክሲውን በሊፍት ለሚዞሩ መንገደኞች የተዘጋጀ መመሪያ» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው በመጽሐፉ ወይም በፊልሙ ቢያውቀውም ሲጀመር የሬዲዮ ድራማ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ማርች 8 ቀን 1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ተላለፈ። ድራማው ሲወደድ አዳምስ ወደ መጽሐፍ ቀየረው፣ በ1981 ደግሞ በቢቢሲ ቴሌቪዥን በስድስት ክፍል ቀረበ።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። አርተር ዴንት የሚባል ተራ እንግሊዛዊ አንድ ጠዋት ሲነሳ ቤቱ ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ ቡልዶዘር ደጁ ቆሟል። በእኛ አነጋገር አርተር የልማት ተነሺ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ቮጎን የሚባሉ የጠፈር ቢሮክራቶች መርከባቸውን ሰማይ ላይ ደርድረው ይመጡና ምድር ራሷ ለጠፈር አውራ ጎዳና እንደምትፈርስ ያውጃሉ። ምድርም የልማት ተነሺ ሆነች ማለት ነው። ማስታወቂያውማ ሌላ ኮከብ ላይ ባለ ቢሮ ድሮ ተለጥፎ ነበር፤ ያላነበባችሁ እናንተ ናችሁ ይላሉ። በቃ፣ ምድር ጠፋች።

አርተርን የሚያተርፈው ፎርድ ፕሪፌክት የሚባል ጓደኛው ነው። ፎርድ ለካ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው፤ ሥራውም «ጋይዱ» ለሚባለው የመንገደኞች መመሪያ መረጃ መሰብሰብ ነው። ይሄ ጋይድ በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። የፈለጋችሁትን ጉዳይ ስትጠይቁት ያብራራላችኋል፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «አትደንግጥ» የሚል ተጽፎበታል። ልብ በሉ፣ ይሄ የተጻፈው በ1978 ነው። ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ያለውን ነገር ሰውዬው ያኔ ለቀልድ ብሎ ነበር የፈጠረው።

ሌሎቹ ዋና ገጸ ባሕርያት ሁለት ራስ ያለው የጋላክሲው ፕሬዚዳንት ዛፎድ ቢብልብሮክስ፣ ከምድር የወጣችው ትሪሊያን እና ሁልጊዜ የሚያዝነው ሮቦት ማርቪን ናቸው። «42» የምትለውን ቁጥር በሚም ላይ አይታችሁ ካላወቃችሁ ደግሞ ምንጯ እዚሁ ነው። አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ስለ ሕይወትና ስለ ሁሉም ነገር የተጠየቀውን የመጨረሻ ጥያቄ ለ7.5 ሚሊዮን ዓመት አስቦ የሰጠው መልስ 42 ነው። ጥያቄው ራሱ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

📌 መጽሐፎቹ በቅደም ተከተል

1️⃣ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ»፣ 1979
2️⃣ «ዘ ሬስቶራንት አት ዘ ኤንድ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ»፣ 1980
3️⃣ «ላይፍ፣ ዘ ዩኒቨርስ ኤንድ ኤቭሪቲንግ»፣ 1982
4️⃣ «ሶ ሎንግ፣ ኤንድ ታንክስ ፎር ኦል ዘ ፊሽ»፣ 1984
5️⃣ «ሞስትሊ ሃርምለስ»፣ 1992

ትሪሎጂ ማለት ባለ ሦስት ክፍል ታሪክ ነው። የዚህ «ትሪሎጂ» ግን አራተኛው ወጣ፣ አምስተኛውም ተከተለ። አምስተኛው ሲታተምማ ስሙ ከዕለት ወደ ዕለት ትክክል እየሆነ እንዳልመጣ ሽፋኑ ላይ ተቀልዶበታል።

ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ስምንት ዓመት ነው። በዚያ መሀል አዳምስ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ዲርክ ጀንትሊ የሚባል መርማሪ ላይ ሁለት ልቦለድ ጻፈ፤ ከእንስሳት አጥኚው ማርክ ካርዋርዲን ጋር ደግሞ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ፍለጋ ዓለምን ዞሮ በ1990 «ላስት ቻንስ ቱ ሲ» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ወደ አርተር ዴንት የተመለሰው ሰውዬ የ1979ኙ ወጣት ቀልደኛ ብቻ አልነበረም።

📌 ስሙ ከየት መጣ?

«ሞስትሊ ሃርምለስ» ማለት «በአብዛኛው ጉዳት የለሽ» ማለት ነው። ቀልዱ የመጣው ከመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አርተር ጋይዱ ስለ ምድር ምን እንደሚል ሲያይ የሚያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ጉዳት የለሽ። ይናደዳል። ፎርድ ደግሞ አይዞህ፣ አዲሱ እትም ላይ ተሻሽሏል ይለዋል። አሥራ አምስት ዓመት ምድር ላይ ተቀምጦ ብዙ ጽፎ ልኮ ነበር፤ አርታኢዎቹ ቆርጠው ቆርጠው ያስቀሩት ግን «በአብዛኛው ጉዳት የለሽ» የሚለውን ነው።

የመላው የሰው ልጅ ታሪክ ሲጨመቅ ይቺ ናት። መጀመሪያ ስናነባት እንስቃለን። አምስተኛውን መጽሐፍ ጨርሰን ስንመለስባት ግን ያው ቃል ሌላ ስሜት ይሰጣል።

📌 አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ምን ይሆናል?

አራተኛው መጽሐፍ ያለቀው በደስታ ነበር። ምድር ተመልሳ ተገኝታለች፤ አርተርም ፌንቸርች ከምትባል ልጅ ጋር ፍቅር ይዞታል። ሁለቱ ቃል በቃል በአየር ላይ እየበረሩ የሚፋቀሩበት መጽሐፍ ነው።

አምስተኛው ሲከፈት ፌንቸርች የለችም። በጠፈር ጉዞ ላይ አርተር አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ድንገት ጠፍታለች። አልሞተችም፣ አልተጣሉም፤ ብቻ የለችም። ምክንያቱም የእነሱ ምድር ያለችበት የጠፈር ክፍል ብዙ አማራጭ ዓለሞች የተደራረቡበት ነው፤ ከዚያ የመጣ ሰው በጉዞ መሀል እንዲህ ሊሰወር ይችላል። ይሄ ሁሉ በጥቂት መስመር ተነግሮ ይታለፋል።

አርተር ብቻውን ጋላክሲውን ሲዞር ኖሮ መርከቡ ይከሰከስና ላሙኤላ የምትባል ኋላ ቀር ፕላኔት ላይ ይቀራል። እዚያ የሚያውቀው አንድ ጠቃሚ ሙያ ሳንድዊች መሥራት ሆኖ ይገኛል። መንደሩ ያከብረዋል፣ እሱም ልቡ ያርፋል።

ሰላሙ ግን አይቆይም። ትሪሊያን አንዲት ታዳጊ ልጅ ይዛ ትመጣና ያንተ ልጅ ናት ትለዋለች። አርተር ለጉዞ ገንዘብ ሲያጣ ለዘር ባንክ ይሸጥ ነበር፤ ልጅቱ በዚያ የተወለደች ናት። ስሟ ራንደም ነው። የትም ቦታ የእኔ የምትለው አገር የላትም፣ በሁሉም ሰው ትናደዳለች። እናቷ አሁን ጋዜጠኛ ስለሆነች ልጅቱን ለአርተር ጥላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

በሌላ በኩል ፎርድ የጋይዱ ዋና መሥሪያ ቤት ሲገባ ድርጅቱ በሌላ ኩባንያ ተገዝቷል። አዲሶቹ ባለቤቶች የሠሩት «ጋይድ ሁለት» የሚባል መሣሪያ የጥቁር ወፍ መልክ አለው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ለያዘው ሰው ነገሮች እንዲሳኩለት ያደርጋል። የሚያስፈራው ነገር የያዘው ሰው ባለቤቱ አለመሆኑ ነው። ከጀርባው ያሉት ቮጎኖች ናቸው፤ የሚፈልጉትም አንድ ነገር ብቻ ነው። ምድርን በሁሉም አማራጭ ዓለሞች ውስጥ አንድም ሳትቀር ማጥፋት።

ራንደም ይሄን መሣሪያ ይዛ ወደ ምድር ትሄዳለች። ሁሉም እሷን ተከትለው ለንደን ውስጥ አንድ ክለብ ላይ ይገናኛሉ። ልጅቱ መሣሪያ ትተኩሳለች፣ አርተር ጎንበስ ይላል፣ ከኋላው ያለ ሰው ይሞታል። አርተር ነገሩ ሲገባው ረጋ ይላል። ከዚያ ግሬቡሎን የሚባሉ፣ ማን እንደሆኑ የረሱና ሕይወታቸውን በቴሌቪዥንና በኮከብ ቆጠራ የሚመሩ ፍጡራን ምድር ላይ ይተኩሳሉ። ምድር ጠፋች። በዚህኛው ዓለም ብቻ ሳይሆን በሁሉም። መጽሐፉ አለቀ።

📌 «ይሄማ ክህደት ነው» የሚሉት

መጽሐፉን የማይወዱት አንባቢዎች አራት ነገር ያነሳሉ።

▪️ የፌንቸርች ነገር። አንድ ሙሉ መጽሐፍ የፈጀ ፍቅር በጥቂት መስመር መሰረዙ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ብትሞት እንኳ ይሻል ነበር ይላሉ፣ ቢያንስ ይለቀስላታል። ደራሲው በአራተኛው መጽሐፍ ተሰላችቶ ልጅቱን እንደ ዕዳ አራግፏታል የሚል ንባብም አለ።

▪️ የጎደሉት ሰዎች። ዛፎድ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ማርቪንም የለም፤ እሱ አራተኛው ላይ ሞቷል። ለብዙ አንባቢ ሂችሃይከርስ ማለት የዛፎድ ጉራና የማርቪን ምሬት ነው። ሁለቱ ከሌሉ ቤቱ ባዶ ነው።

▪️ የራንደም ነገር። ልጅቱ ትጮኻለች፣ ትሰርቃለች፣ ትተኩሳለች። ብዙ አንባቢ አልወደዳትም። ከሷ ጎን የሚቆሙት ደግሞ ማን ፈለጋት ብላችሁ ነው ይላሉ። እናቷ ከሥራዋ ጋር፣ አባቷ ከሳንድዊቹ ጋር፤ መጽሐፉ ውስጥ በእውነት የተጎዳ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

▪️ መጨረሻው። ዋናው ቅሬታ ይሄ ነው። ሰዎቹ መሞታቸው ብቻ አይደለም የሚያናድደው፤ በር መዘጋቱ ነው። ምድር በሁሉም ዓለም ከጠፋች ተመልሶ የሚመጣ የለም። አንዳንዱ አንባቢ ይሄን ሲያይ ደራሲው «ከአሁን በኋላ ሌላ ክፍል ጻፍልን እንዳትሉኝ» ብሎ ቁልፉን የወረወረው ይመስለዋል።

📌 «ከሁሉም የበሰለው ይሄ ነው» የሚሉት

እነዚህ በቁጥር ያንሱ ይሆናል፣ ክርክራቸው ግን ቀላል አይደለም።

▪️ አሠራሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጽሐፎች ከሬዲዮ ድራማ የመጡ ስለሆኑ ከአንዱ ቀልድ ወደ ሌላው ይዘላሉ እንጂ ታሪካቸው አንድ መስመር አይይዝም። ሦስተኛውም የተሠራው አዳምስ ለ«ዶክተር ሁ» ካሰበው ሐሳብ ነው። አምስተኛው ግን እያንዳንዱ ክር የሚገናኝበት መጽሐፍ ነው።

ማስረጃ አላቸው። በ1982ቱ ሦስተኛ መጽሐፍ አግራጃግ የሚባል ምስኪን ፍጡር አለ። እየሞተ እንደገና ይወለዳል፤ በተወለደ ቁጥር ደግሞ ሳያውቅ የሚገድለው አርተር ነው። ለአርተር «ስታቭሮሙላ ቤታ ላይ አንተን ሊተኩሱ ሲሉ ጎንበስ አልክና እኔን ገደለኝ» ይለዋል። አርተር ደግሞ እንዲህ የሚባል ቦታ ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ እዚያ ሳልደርስ አልሞትም ብሎ ይኖራል። አምስተኛው መጨረሻ ላይ ያ ክለብ ማን እንደሚባል ሲገለጥ ፕላኔት መስሎት የኖረው ነገር የክለብ ባለቤት ስም ሆኖ ይገኛል። ቤታ የሚባለው ክለብ ባለቤት ስታቭሮ ሙለር ነው። አሥር ዓመት የቆየ ቀልድ በአንዲት ጎንበስ ማለት ተዘጋ።

▪️ የሳንድዊቹ ምዕራፍ። ከተከታታዩ ሁሉ አርተር በእውነት ደስ ብሎት የምናየው እዚህ ነው የሚሉ አሉ። ጋላክሲ ሲዞር ያላገኘውን ሰላም ቢላዋ ስሎ፣ ሥጋ በስሱ ቆርጦ፣ ዳቦ ላይ ሲደረድር ያገኛል። አንድን ተራ ሥራ በደንብ መሥራት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ያሳየ አስቂኝ ልቦለድ ማግኘት ከባድ ነው።

▪️ ጋይድ ሁለት። ይሄ ክፍል ከዓመት ዓመት እያደገ የሄደ ነው። የድሮው ጋይድ ስህተት የበዛበት፣ ሰካራም ጋዜጠኞች የሚጽፉት፣ ግን ለመንገደኛው የቆመ ነበር። አዲሱ እንከን የለሽ ነው፣ የሚያገለግለው ግን ሌላ ነው። ለሁሉም ሰው የሚፈልገውን እያሳየ ሁሉንም ባለቤቶቹ ወደሚፈልጉት ቦታ ይነዳል። አልጎሪዝም የመረጠለትን ሲያይ የሚያመሽ የዛሬ ወጣት ይሄን ሲያነብ በ1992 እንዴት ታሰበ ማለቱ አይቀርም።

▪️ መጨረሻውም ፍትሐዊ ነው። ጠንካራው ክርክራቸው ይሄ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ምን አደረገ? ገና ሲጀመር ምድርን ከነሙሉ ሕዝቧ አጠፋ። እኛስ? ሳቅን። ምክንያቱም የሞቱትን አናውቃቸውም ነበር። አምስተኛው ያንኑ ቀልድ ደገመው፣ አሁን ግን የሚሞቱትን እናውቃቸዋለን። ቀልዱ አልተቀየረም፤ የተቀየርነው እኛ ነን። እና ያኔ ስቀን አሁን ብንቆጣ ጥፋቱ የማን ነው?

📌 መሀል ላይ የቆሙት

ሦስተኛ ወገን አለ። እነዚህ መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ መዝጊያነቱ ግን መጥፎ ነው ይላሉ። ብቻውን ቢነበብ የሳቀም ያዘነም ልብ ያለው ሥራ ነው፤ አምስት መጽሐፍ የቆየ ወዳጅነት መሰናበቻ ሲሆን ግን ቀዝቃዛ ነው። ጨለማው አይደለም የሚያስከፋቸው፤ መሰነባበቻ አለመኖሩ ነው። ማርቪን አራተኛው መጽሐፍ ላይ ሲሞት እንኳ ቢያንስ አንድ ጥሩ ነገር አይቶ ነው የሞተው። ለአርተር ይሄም አልተሰጠም ይላሉ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ይነሳል። አርተር መጨረሻ ላይ የተሰማው ነገር እረፍት ነው። የዓመታት ጥያቄው ተመልሶ፣ ከዚህ በኋላ የሚሸሸው ነገር ሳይኖር ይቆማል። ይሄ ጥሩ መሰናበቻ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ? አንባቢው የሚለያየው እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

📌 ደራሲው ራሱ ምን አለ?

አዳምስ ሥራውን በቀኑ የማያስረክብ ሰው በመሆን የታወቀ ነበር። አራተኛውን መጽሐፍ እንዲጨርስ አርታኢው ሶኒ ሜህታ ሆቴል ውስጥ አብሮት ገብቶ ጠብቆታል። ሲጽፍ የሚሰቃይ ሰው ነበር።

አምስተኛውን በተመለከተ ቃለ መጠይቅ ሲደረግ ክሱን አልካደም። መጽሐፉ ጨለማ መሆኑን ተቀበለ። ያን ጊዜ በግል ሕይወቱ ከባድ ዓመት እያሳለፈ እንደነበረና መጽሐፉን በዚያ ስሜት መጻፍ እንደነበረበት ተናገረ። ተከታታዩን ትንሽ ደስ በሚል ነገር መዝጋት እንደሚፈልግም አከለ፤ አምስት የማይሆን ቁጥር ነው፣ ስድስት ይሻላል ብሎም ቀልዷል።

ለስድስተኛው መንገድ ነበረው። «ዘ ሳልሞን ኦፍ ዳውት» በሚል ርዕስ ሦስተኛውን የዲርክ ጀንትሊ መጽሐፍ ሲጽፍ ሐሳቦቹ እዚያ አልገጥም አሉት፤ ለሂችሃይከርስ ይሻሉ ይሆናል ብሎ ያስብ ጀመር። ነገር ግን ሜይ 11 ቀን 2001 ካሊፎርኒያ ውስጥ በልብ ድካም ድንገት አረፈ። ዕድሜው 49 ነበር። ያላለቀው ጽሑፍ ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር ተሰብስቦ በዚያው ርዕስ በ2002 ታተመ።

እንግዲህ ለክርክሩ ክብደት የሰጠው ይሄ ነው። አዳምስ በሕይወት ቢኖር «ሞስትሊ ሃርምለስ» ከጨለማው ምዕራፍ ቀጥሎ ሌላ የሚመጣበት መሸጋገሪያ ይሆን ነበር። ስለሞተ ግን መጨረሻ ሆነ። አንድ ሰው በመጥፎ ዓመቱ የጻፈው ነገር የመጨረሻ ቃሉ ተደርጎ ቀረ።

📌 ሊጠግኑት የሞከሩት

▪️ ሬዲዮው፣ 2004 እና 2005። ዲርክ ማግስ የሚባለው አዘጋጅ የቀሩትን ሦስት መጽሐፎች ወደ ሬዲዮ ድራማ መለሳቸው። አርተርን የተጫወተው እንደ 1978ቱ ሳይመን ጆንስ ነው። አዳምስ በሕይወት እያለ በተቀዳ ድምፁ አግራጃግን ሆኖ ገባበት፤ እየሞተ የሚመለሰውን ፍጡር ማለት ነው።

አምስተኛው ሲደርስ ማግስ የምድርን መጥፋት አላስቀረም፣ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ቋንቋ ለመተርጎም ጆሮ ውስጥ የምትገባው ቤብል ፊሽ የተሸከሟትን ሰዎች ይዛ ትሰወርና መጽሐፍ ሁለት ላይ ወደምናውቀው የዩኒቨርስ መጨረሻ ሬስቶራንት ታደርሳቸዋለች። አርተር ፌንቸርችን ያገኛታል፣ ማርቪንም አለ። መጽሐፉን የጠሉ ብዙዎች እውነተኛው መጨረሻ ይሄ ነው ብለው የተቀበሉት ይሄን ነው። የጨለማው መጨረሻ ወዳጆች ደግሞ ምሬቱን በስኳር ሸፈኑት ይላሉ።

▪️ ስድስተኛው መጽሐፍ፣ 2009። «አርተሚስ ፋውል»ን የጻፈው አየርላንዳዊው ኦወን ኮልፈር በአዳምስ ባለቤት በጄን ቤልሰን ፈቃድ «ኤንድ አናዘር ቲንግ» የሚለውን ጻፈ። የወጣው ኦክቶበር 12 ቀን 2009፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከወጣ ልክ በ30ኛ ዓመቱ ነው። ሰዎቹን ከፍንዳታው ያወጣቸዋል፣ ዛፎድንም ይመልሰዋል።

አንባቢው እዚህም ተከፋፈለ። አንዳንዱ ሰዎቹን እንደገና ማየት ብቻውን በቂ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ቀልዱ የአዳምስን ልብስ ለብሷል እንጂ አዳምስ አይደለም አለ። ድራማው ግን ይሄንንም ተቀብሎ በ2018፣ በ40ኛ ዓመቱ፣ በዚህ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ክፍል አስተላልፏል።

የ2005ቱን ፊልም ያያችሁ ካላችሁ ግራ እንዳትጋቡ፤ ማርቲን ፍሪማን አርተርን የሆነበት ፊልም በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ያተኮረ ነው። እዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም።

📌 አዲስ አንባቢ ከየት ጀምሮ የት ያቁም?

እንደ ስሜታችሁ ሦስት መንገድ አለ፦

👉 ለሳቅ ብቻ ከሆነ፦ አንደኛውንና ሁለተኛውን አንብቡ። ሁለቱ አንድ ላይ ሙሉ ናቸው።

👉 ደስ ብሏችሁ መሰናበት ከፈለጋችሁ፦ አራተኛው ላይ አቁሙ። አርተር ፍቅር ይዞት፣ ምድርም ቦታዋ ላይ ናት። ይሄን መንገድ የሚመክሩ የድሮ አንባቢዎች ብዙ ናቸው።

👉 ሙሉውን ከፈለጋችሁ፦ አምስተኛውንም አንብቡ፣ ግን ሦስተኛውን ሳትዘሉ። አግራጃግን ሳያውቁ መጨረሻውን ማንበብ ቀልዱን ሳይሰሙ መልሱን መስማት ነው። ከከበዳችሁ የ2005ቱን የሬዲዮ መጨረሻ አዳምጡ።

አንድ ምክር ግን ለሁሉም። አምስተኛውን ከአራተኛው ጋር አያይዛችሁ በአንድ ሳምንት አትጨርሱ። በመጀመሪያ የወጡለት አንባቢዎች በመሀል ስምንት ዓመት ነበራቸው። እናንተ ከፌንቸርች ጋር ማታ በርራችሁ ጠዋት ብታጧት የሚሰማችሁ ንዴት ከመጽሐፉ ይልቅ የፍጥነታችሁ ሊሆን ይችላል።

📌 ታዲያ ማን ልክ ነው?

ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር አለ። የሂችሃይከርስ ዩኒቨርስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ለማንም ግድ የለውም። ቤት ያፈርሳል፣ ምድር ያፈርሳል፣ ማስታወቂያውን ማንም የማያይበት ቦታ ይለጥፋል። አራቱ መጽሐፎች በዚህ ላይ እንድንስቅ አደረጉን። አምስተኛው ሳቁን ቀንሶ ነገሩን ብቻ አሳየን።

የእኛ አቋም እንዲህ ነው። መጽሐፉ ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም ከአምስቱ በአሠራሩ የተጠበቀው እሱ ነው። ግን የጻፈው ሰውዬ ራሱ «እዚህ ላይ አይለቅ» ብሎ የነበረን ነገር መጨረሻ ብሎ መቀበል ግዴታ የለብንም። ጨለማውን አክብሮ ማንበብ ይቻላል፤ ስድስተኛው ቀርቶብን ማዘንም ይቻላል። ሁለቱ አይጣሉም።

በየዓመቱ ሜይ 25 የአዳምስ ወዳጆች ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ። መጽሐፉ ለጠፈር መንገደኛ ከሁሉም የሚጠቅመው ዕቃ ፎጣ ነው ስለሚል ነው። የተጀመረው እሱ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት፣ በ2001 ነው። በዚያ ቀን አምስተኛውን የሚጠሉትም የሚወዱትም ያው አንድ ፎጣ ነው የሚይዙት።

እናንተስ? ያነበባችሁ ካላችሁ አምስተኛውን ትቀበሉታላችሁ ወይስ አራተኛው ላይ ነው የቆማችሁት? ያላነበባችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ መልሱልን፦ ሲያስቅ የኖረ ታሪክ መጨረሻው ላይ ማስለቀስ መብቱ ነው? ኮሜንት ላይ እንጠብቃችኋለን።